ፒኤችፒ፦ ቴምፕሌት ውስጥ የገባ ሎጂክ የሚያመጣቸው ችግሮችና መፍትሄያቸው

የቴምፕሌት (የገጹን ኤችቲኤምኤል የያዘው ፋይል) ሥራ ተዘጋጅቶ የቀረበለትን ዳታ ማሳየት ነው። ራሱ ዳታ መፈለግ፣ ማስላትና መወሰን ሲጀምር የሚከተሉት ችግሮች ይታያሉ።

«ሄደር ቀድሞ ተልኳል» የሚል ማስጠንቀቂያ፤ ሎካል ላይ የለም፣ ሰርቨር ላይ ይወጣል

መንስኤ፦ ተጠቃሚው ሎግ ኢን ማድረጉን አይቶ ወደ ሌላ ገጽ የሚልከው ኮድ ቴምፕሌቱ መሃል ተቀምጧል። እዚያ እስኪደረስ ኤችቲኤምኤሉ መውጣት ጀምሯል፤ ሄደር (ለብራውዘሩ የሚላክ መመሪያ፣ ለምሳሌ «ወደ ሌላ ገጽ ሂድ») ግን ከይዘቱ መቅደም አለበት። ሎካል ላይ ችግሩን የሚሸፍነው አውትፑት በፈሪንግ፣ ማለትም የሚወጣውን ይዘት ወዲያው ሳይልኩ ይዞ ማቆየት ነው። ከፒኤችፒ ጋር ለዴቨሎፕመንት የሚመጣው ማዋቀሪያ ፋይል 4096 ባይት ይዞ ስለሚያቆይ ትንሽ ገጽ ችግር ሳያሳይ ያልፋል።

መፍትሄ፦ በፈሩን ማሳደግ ችግሩን መደበቅ ነው፤ አታድርጉት። ፍተሻውን ወደ ኮንትሮለር (ከቴምፕሌቱ በፊት ሠርቶ ዳታውን ወደሚያዘጋጀው ኮድ) አውጡና ከሄደሩ በኋላ ኤግዚት ጻፉ። ኤግዚት ከሌለ የቀረው ኮድ መሥራቱን ስለሚቀጥል፣ ሎግ ኢን ላላደረገ ሰው የተከለከለው ገጽ አብሮ ይላካል። ማስጠንቀቂያው ካልጠፋ መልእክቱን እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ አውትፑቱ የጀመረበትን ፋይልና መስመር ይናገራል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከፒኤችፒ መዝጊያ ምልክት በኋላ የቀረ ክፍት ቦታ ወይም ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ያለ ቦም (ኤዲተሩ የሚጨምራቸው የማይታዩ ባይቶች) ነው። ፒኤችፒ ብቻ ባለበት ፋይል መዝጊያውን አጥፉ፤ ፋይሉንም ቦም በሌለው ዩቲኤፍ-8 ሴቭ አድርጉ።

ዕቃ በበዛ ቁጥር ገጹ ይዘገያል

ዕቃዎቹን አንድ በአንድ በሚያዞረው ሉፕ (ፎርኢች) ውስጥ ለእያንዳንዱ ዕቃ የምድቡ ስም ከዳታቤዝ ይጠየቃል፤ ለ50 ዕቃ፣ ዝርዝሩን ከሚያመጣው 1 ጋር፣ 51 ኩዌሪ ማለት ነው። ኦአርኤም (ዳታቤዙን በኦብጀክት መልክ የሚያቀርብ ላይብረሪ) ስትጠቀሙ ነገሩ ተራ ፕሮፐርቲ ስለሚመስል ዓይን ያመልጣል። ኮንትሮለሩ ውስጥ በጆይን (ሁለት ሠንጠረዦችን አጣምሮ በሚያነብ ትእዛዝ) በ1 ኩዌሪ አምጡት፣ ወይም የምድቦቹን አይዲ ሰብስባችሁ በ2 ጨርሱት። ላራቬል በሚባለው የፒኤችፒ ፍሬምወርክ ላይ ዊዝ የሚለው ሜተድ ይህንኑ ይሠራል።

ቅርጫቱና ደረሰኙ በ1 ሳንቲም ይለያያሉ

ሁለቱ ቴምፕሌቶች 15 በመቶ ቫትን ለየብቻ ያሰላሉ። 33.50 ብር የሚሸጥ 3 ዕቃ እንውሰድ። ቫቱ በየዕቃው ሲጠጋጋ 5.03 በ3፣ ማለትም 15.09 ብር ይሆናል፤ በድምሩ 100.50 ላይ ሲሰላ ግን 15.08። ስሌቱን አንድ ክላስ ውስጥ አስቀምጡ፣ የማጠጋጊያውን ደንብ አንዴ ወስኑ፣ ገንዘቡን በሳንቲም በኢንቲጀር ያዙ። ቴምፕሌቱ ያለቀለትን ቁጥር ብቻ ይቀበል።

ገጹ ላይ የ«እና» ምልክት (&) በኮድ መልክ ተጽፎ ይታያል

ጽሑፉ ዳታቤዝ ሲገባም ሲታተምም ኤስኬፕ ተደርጓል፤ ማለትም ልዩ ምልክቶቹ ወደ ኤችቲኤምኤል ኮድ ሁለት ጊዜ ተቀይረዋል። ሲገባ ጥሬውን አስቀምጡ። ኤስኬፕ ማድረግ የቴምፕሌቱ ድርሻ ስለሆነ ከዚያ አታውጡት፤ ትዊግና ብሌድ የሚባሉት የቴምፕሌት መሣሪያዎች በራሳቸው ያደርጉታል። በተራ ፒኤችፒ ከ8.1 በፊት ባሉት ቨርዥኖች ኤችቲኤምኤል ስፔሻል ቻርስ የሚባለው ፋንክሽን ነጠላ ጥቅስን በራሱ ኤስኬፕ ያደርጋል ብላችሁ አትገምቱ፤ ሳይነካው ስለሚተወው ኢኤንቲ ኩዎትስ የሚለውን አማራጭ ጨምሩ።

የቀረ መኖሩን ለማጣራት የቴምፕሌት ፎልደሩ ውስጥ ሴሌክት፣ ሄደር፣ ሴሽን እና ኒው የሚሉትን ፈልጉ። ሉፕ፣ «ዝርዝሩ ባዶ ነው» የሚል ኢፍና የቀን አጻጻፍ ቢቀሩ ችግር የለም፤ የማሳያ ሥራ ናቸው። ከዚያ ዳታቤዙን አጥፍታችሁ ቴምፕሌቱን በእጅ በጻፋችሁት አሬይ ክፈቱት። ካልተከፈተ፣ ስህተቱ የሚጠቁመው መስመር ላይ ገና ያልወጣ ሎጂክ አለ።