የጄምስ ዲንን የመጨረሻ ጉዞ ለሚጽፉ፦ የተመዘገበውን ከተረቱ መለያ መንገድ

ስለ አሜሪካዊው የፊልም ተዋናይ ጄምስ ዲን አሟሟት ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ገና በመጀመሪያው ሰዓት ከሚያስፈልገው በላይ ወሬ ያገኛል። የተረገመች መኪና፣ ከሳምንት አስቀድሞ የተነገረ ትንቢት፣ እንደ ጥይት ሲበር የነበረ ወጣት፣ ፊቱ ተበላሽቶ ከሰው ዓይን ተሰውሮ የኖረ ተዋናይ፣ ሁሉም ጎን ለጎን ተደርድረው ይቀርቡለታል። እኔ ሁሉንም የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ነገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነገረው መቼ ነው? ሞቱ ከመሰማቱ በፊት የተጻፈ ወረቀት የሚመጣውን ስለማያውቅ ታሪኩን የሚያሳምርበት ምክንያት የለውም።

ስለዚህ ከትራፊክ ቅጣቱ ወረቀት ይጀምሩ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 1955፣ አርብ ዕለት፣ የ24 ዓመቱ ዲን በሳሊናስ ለሚካሄድ የመኪና ውድድር ከሎስ አንጀለስ ወደ ሰሜን ይጓዝ ነበር። አዲሷን ፖርሽ 550 ስፓይደር በተጎታች ላይ ከማስጫን ይልቅ ሞተሯን ለማፍታታት ራሱ ይነዳታል፤ አጠገቡ የፖርሽ መካኒክ የነበረው ሮልፍ ቩተሪክ ተቀምጧል። ከቤከርስፊልድ በስተደቡብ፣ ሜትለር በተባለ ስፍራ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ የሀይዌይ ፖሊስ አስቆመው፤ 55 ማይል በተፈቀደበት መንገድ በ65 ነድተሃል ተብሎም ተቀጣ። ባዶውን ተጎታች እየሳበ ይከተለው የነበረው መኪና ሹፌርም በዚያው ቦታ በፍጥነት ተቀጥቷል።

ወረቀቱ የሚመሰክረው ይህንኑ ብቻ ነው። ግጭቱ የደረሰው ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይቶ፣ ለ12 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ፣ በሌላ መንገድ ላይ ስለሆነ፣ ቅጣቱን በግጭቱ ጊዜ ለነበረው ፍጥነት ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ አይቻልም። ብዙዎች ግን ሁለቱን አዋሕደው ይጽፋሉ።

እዚህ ላይ በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች የተለየ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የእንግሊዝኛውን 3:30 እንዳለ «3 ሰዓት ተኩል» ብሎ የገለበጠ ጸሐፊ ከሰዓት በኋላውን ወደ ማለዳ ያዞረዋል፤ ማይልን ኪሎ ሜትር ብሎ ያለፈም እንዲሁ ነው። በግጭቱ ጊዜ የነበረው ፍጥነት ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 85 ማይል በሰዓት 137 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ 55 ማይል ደግሞ 88 ኪሎ ሜትር ተኩል ይሆናል። ክርክሩ ሁሉ ያለው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ስለሆነ፣ መለኪያውን የሳተ ጽሑፍ ተረት ሳያስፈልገው ራሱ ተረት ይሆናል።

ቀጥሎ መጋጠሚያውን በዓይነ ኅሊናዎ ይሣሉት፤ ቢቻል በወረቀት ላይ ይንደፉት። ቾላሜ በተባለች ትንሽ ስፍራ አቅራቢያ፣ በወቅቱ 466 ይባል የነበረው መንገድ ከ41 ቁጥር ጋር ይገናኛል። ዲን ወደ ምዕራብ ይነዳል፤ ከፊት ለፊቱ ወደ ምሥራቅ የሚመጣ አንድ ፎርድ ወደ 41 ለመግባት ወደ ግራ ሲታጠፍ መንገዱን ይዘጋበታል። ፀሐይ ልትጠልቅ ነበርና ብርሃኑ የሚያርፈው በዲን ፊት ላይ እንጂ በፎርዱ ሹፌር ዓይን ላይ አልነበረም፤ ስለዚህ «ሹፌሩን ፀሐይ ጋረደችው» የሚለው ወሬ ንድፉ ላይ ሲደርስ ይወድቃል። ዝቅ ያለችው ብርማ መኪና ከአስፋልቱና ከማምሻው ብርሃን ጋር ተመሳስላ አልታየችውም የሚለው ግን ከንድፉ ጋር ይስማማል። ፍጥነቱን በተመለከተ፣ መኪኖቹ ባረፉበት ስፍራና በፎቶግራፎች ላይ ተመሥርተው በኋላ የተሠሩ ስሌቶች ከ85 ይልቅ ወደ 55 ማይል ያዘነብላሉ። ዲን አንገቱ ተሰብሮ ሞተ፤ ቩተሪክ ከመኪናዋ ተወርውሮ ክፉኛ ቢጎዳም ተረፈ፤ የአሟሟት ምርመራው ሸንጎም በፎርዱ ሹፌር ላይ የወንጀል ጥፋት አላገኘም። ይህ ውሳኔ በአብዛኞቹ ትረካዎች ውስጥ መዘለሉ ሁልጊዜ ያስከፋኛል፤ ያ ወጣት ዕድሜውን ሙሉ «ዲንን የገደለው» ተብሏልና።

እርግማኑ ጊዜ ሰጥቶ መፈተሽን ይጠይቃል፤ ምክንያቱም እውነት የተቀላቀለበት ነው። የተሰባበረችው መኪና ዕቃዎች ለሌሎች ተወዳዳሪዎች ተላልፈዋል፤ ከእነዚህ ዕቃዎች የተወሰኑትን የገጠመ አንድ ሐኪም በ1956 ፖሞና ላይ ሲወዳደር ከዛፍ ጋር ተጋጭቶ ሞቷል። ቩተሪክም በ1981 በጀርመን በመኪና አደጋ ሞቷል። እነዚህን አይካዱ። ነገር ግን ሚዛን ያስገቡላቸው፦ ዲን በሞተበት በ1955 በፈረንሳይ «ለ ማን» በተባለው የመኪና ውድድር ላይ በደረሰ አንድ አደጋ ብቻ ከ80 በላይ ሰዎች አልቀዋል። በዚያ ዘመን የውድድር ሹፌር መሞቱን ለማስረዳት እርግማን አያስፈልግም ነበር፤ የቩተሪክ ሞትም የመጣው ከ26 ዓመታት በኋላ ነው።

የቀረው፣ ማለትም መካኒክ እግሩ ተሰበረ፣ ጫኝ ሹፌር ሞተ፣ የመኪናዋ ቅሪት በ1960 ከማያሚ ወደ ሎስ አንጀለስ ስትጓጓዝ ተሰወረች የሚለው፣ አብዛኛው ወደ አንድ አፍ ይመለሳል፦ ወደ መኪና አስዋቢው ጆርጅ ባሪስ። ቅሪቷን በየከተማው እያዞረ ለሕዝብ ያሳይ የነበረውም እሱ ነው። ሐሰት ተናግሯል ለማለት አልደፍርም፤ ተራኪው ከትርኢቱ ጋር ጥቅም እንደነበረው ግን አንባቢ ሊያውቅ ይገባል። «ይባላል» የምትለው ቃል እዚህ ላይ ጉዳት ታደርሳለች፤ ተናጋሪውን ትሰውራለችና። «ባሪስ እንደተረከው» ብለው ስሙን ይጻፉ። ካምቢዮዋ በ2021 ተገኝቶ መሸጡን ቢጨምሩም መልካም ነው፤ ከመኪናዋ ሁሉም ነገር እንዳልተሰወረ ያሳያል።

የእንግሊዛዊው ተዋናይ አሌክ ጊነስ ትረካ ደግሞ ከዚህ ይለያል። አደጋው ከመድረሱ ሳምንት ቀደም ብሎ መኪናዋን አይቶ «ከገባህባት በሚቀጥለው ሳምንት በዚህ ሰዓት ሞተህ ትገኛለህ» ማለቱን የነገረን ራሱ ነው። የዓይን ምስክር ስለሆነ ቃሉ ክብደት አለው፤ ሆኖም በቴሌቪዥንና በጽሑፍ ያቀረበው ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ ነውና፣ ትንቢቱን ሲጠቅሱ የትረካውን ዘመንም አብረው ይጥቀሱ።

ተረት የሚመስል ሁሉ ተረት አለመሆኑንም ያስታውሱ። ዲን ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ የመጨረሻ ፊልሙን የትወና ልብስ እንደለበሰ፣ ለመንገድ ደኅንነት ማስታወቂያ ተቀርጿል፤ «በጥንቃቄ ንዱ፣ የምታተርፉት ሕይወት የእኔ ሊሆን ይችላል» ይላል። ይህን ሰው የፈጠረው ነበር የሚመስለው፤ ፊልሙ ግን አለ፣ የተቀረጸውም ከሞቱ በፊት ነው።

ፎቶግራፍ ሲመርጡ የመግለጫ ጽሑፉን ይጠንቀቁ። ቾላሜ ውስጥ በዛፍ ዙሪያ የቆመው የብረት መታሰቢያ በ1977 የተሠራ ሲሆን፣ ከግጭቱ ስፍራ ራቅ ብሎ ይገኛል፤ መጋጠሚያውም ከዚያ ወዲህ ቅርጹ ተለውጧል፣ መንገዱም አሁን 46 ቁጥር ነው። ከሥሩ «እዚህ ሞተ» ብለው አይጻፉ፤ «በአቅራቢያው የቆመ መታሰቢያ» ይበሉ።