ጠለል ምስልን በዛቢያ ዙሪያ አሽከርክሮ ጠጣር ምስል መሥራት

አንድ ጠለል ምስል በአንድ ቀጥተኛ መስመር፣ ማለትም በዛቢያ ዙሪያ ሙሉ ዙር ሲዞር ያካለለው ቦታ ሁሉ ጠጣር ምስል ይሆናል። ይህን በዓይን ለማየት ከጠንካራ ካርቶን 3 በ5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሬክታንግል ቁረጡና ረጅሙን ጎን ቀጥ ባለ ቀጭን እንጨት ላይ ሳይዛነፍ በፕላስተር አጣብቁት። እንጨቱን በሁለት መዳፎቻችሁ መካከል ይዛችሁ በፍጥነት ስታሽከረክሩት ራዲየሱ 3፣ ቁመቱ 5 የሆነ ሲሊንደር ይታያችኋል፤ ይዘቱም 45 ፓይ ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ነው። ያንኑ ካርቶን በአጭሩ ጎን ብታጣብቁት ግን ራዲየሱ 5፣ ቁመቱ 3 ይሆንና ይዘቱ 75 ፓይ ይደርሳል፤ የሚገርመው፣ የሁለቱም የጎን ገጽ ስፋት እኩል 30 ፓይ ካሬ ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ስለዚህ ከምስሉ ስም በፊት ዛቢያው የት እንዳለ መጠየቅ ይገባል።

በወረቀት ላይ ለመሣል ዛቢያውን በተቆራረጠ መስመር አስምሩ፤ የምስሉን ነጸብራቅ በማዶ በኩል ሣሉና ተጓዳኝ ማዕዘኖችን በሞላላ መስመር አገናኙ። ሞላላው የመጣው፣ ከዛቢያው ውጭ ያለ ነጥብ ሁሉ ሲዞር ክብ ስለሚሠራና ያ ክብ በጎን ሲታይ ስለሚጠብብ ነው።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው በጎነ ሶስት ላይ ይመስለኛል። ጎኖቹ 3፣ 4 እና 5 የሆኑ፣ አንዱ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ የሆነ ጎነ ሶስት በ4ቱ ጎን ሲዞር ይዘቱ 12 ፓይ የሆነ ኮን ይሰጣል፤ በ3ቱ ጎን ሲዞር ደግሞ 16 ፓይ። በ5ቱ ጎን ሲዞር ግን አንድ ኮን ሳይሆን መሠረት ለመሠረት የተጋጠሙ ሁለት ኮኖች ይፈጠራሉ፤ የጋራ ራዲየሳቸው 2.4፣ ጠቅላላ ይዘታቸው 9.6 ፓይ ነው። ግማሽ ክብ በዲያሜትሩ ሲዞር ሉል ይሆናል።

አንድ ዕቃ በዚህ መንገድ የተገኘ መሆኑን ለመለየት ለዛቢያው ቀጤ ነክ አድርጋችሁ እንደምትቆርጡት አስቡ፤ ቁራጩ በየትኛውም ከፍታ ክብ ወይም ባለ ቀዳዳ ክብ መሆን አለበት። በጅማ አናጺዎች ዘንድ በቶርኖ የተሠራ የአልጋ እግር፣ በመሮ የተቀረጸው ክፍል ይህን ፈተና ያልፋል። ከአንድ ግንድ የሚጠረበው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ግን መቀመጫው ክብ ቢሆንም ከሥር ሦስት የተለያዩ ቁራጮች ስለሚወጡት አያልፍም፤ ጀበናም በእጀታውና በጡቱ ምክንያት ይወድቃል።

ይዘቱን ለማረጋገጥ የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ፣ የእስክንድርያው ፓፐስ የተወው ሕግ ይጠቅማል፤ ዛቢያው ምስሉን እስካልከፈለው ድረስ የምስሉን ስፋት የምስሉ የስበት ማዕከል (ምስሉ ሚዛኑን የሚጠብቅበት ነጥብ) በዞረው ርቀት ማባዛት በቂ ነው። በመጀመሪያው ሬክታንግል ስፋቱ 15፣ ማዕከሉ ከዛቢያው 1.5 ስለሚርቅ የሚዞረው መንገድ 3 ፓይ ነው፤ ብዜቱም ያው 45 ፓይ ይሆናል።