ሃይብሪዷ ነዳጅ መብላት ስትጀምር

ሃይብሪድ (በነዳጅ ሞተርና በባትሪ የምትሠራ) መኪናችሁ ከወትሮው በላይ ነዳጅ መብላት ከጀመረች፣ መካኒክ ጋ ከመሮጣችሁ በፊት የኋላ ወንበሩን አካባቢ እዩ። በብዙዎቹ፣ ፕሪየስን ጨምሮ፣ ትልቁን ባትሪ የሚያቀዘቅዘው አየር የሚገባው እዚያ ባለች ቀዳዳ ነው። የእኔዋ በአቧራ ተደፍና፣ ላይዋ ላይ ደግሞ ጋቢ ተጥሎባት ነበር! አየር ያጣ ባትሪ ይግላል። ሲግል ኮምፒውተሩ ሥራውን ይቀንስበታል፣ ሞተሩም ብቻውን ይለፋል። ቀዳዳዋን በለስላሳ ብሩሽ ወይም በቫኪዩም አጽዱ። ውስጥ ያለውን ማራገቢያ ግን ለባለሙያ ተዉት፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ ቀልድ አያውቅም።

የጎማ ንፋስም ጎማው ሳይሞቅ ይለካ። ልኩ በሾፌሩ በር በኩል ተለጥፏል።

ፍጆታውን ስትለኩ ደግሞ ከደሴ ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ብቻ አትፍረዱ። ያ ቁልቁለት ማንንም ቆጣቢ ያስመስላል። ደርሶ መልስ ለኩ። ስትወርዱ ማርሹን ከመጀመሪያው ቢ (B፣ ሞተሩ መኪናዋን እንዲይዛት የሚያደርገው) ላይ አታድርጉት፤ ዲ (D፣ የተለመደው መንጃ) ላይ ሆናችሁ ፍሬኑን ቀስ አድርጋችሁ ስትይዙ ባትሪው የበለጠ ይሞላል። ቢ የሚያስፈልገው ባትሪው ሞልቶ ቁልቁለቱ ገና ሲቀር ነው። በፎሌ (ማርሹን N ላይ አድርጎ) መውረድማ አይታሰብ፤ ባትሪው አይሞላም፣ አደጋውም ሌላ ነው።