ዲዝኒ ወርልድ ሆቴል ስትይዙ መመለሻውን አስቡ

ቤተሰብ ይዞ ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ አጠገብ ወዳለው ዲዝኒ ወርልድ ለመሄድ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የክፍሉን ፎቶና ዋጋውን ነው። እኔም የመጀመሪያ ጊዜ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ሥራዬ ሜሪላንድ ውስጥ የከተማ አውቶቡስ መንዳት ነው። ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ምን ያህል እንደሚደክመው በየማታው አያለሁ። ሆቴል ስመርጥ ግን ይህ ትዝም አላለኝ።

የያዝነው ከዲዝኒ ግቢ ውጭ ያለ ሆቴል ነበር። «ነፃ ሸትል አለን» ይላል፤ ወደ ፓርኩ የሚያመላልስ መኪና ማለት ነው። ደርሰን ስንጠይቅ ሸትሉ ጠዋት ሁለቴ፣ ማታ አንዴ ብቻ ነው የሚመጣው። በዚያ ላይ ሪዞርት ፊ የሚባል ክፍያ በየቀኑ ተጨመረብን። ከሁሉም የባሰው ግን ማታው ነው። ማጂክ ኪንግደም በሚባለው የዲዝኒ ፓርክ ውስጥ ርችቱ ሲያልቅ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ይወጣል። የመኪና ማቆሚያውና የውጭ ሸትሎች መቆሚያ ያሉት ከሐይቁ ማዶ ነው፤ ሰው የሚሻገረው በጀልባ ወይም ሞኖሬል በሚባለው በአንድ ሐዲድ የሚሄድ ባቡር ነው። የሁለት ዓመቷ ልጄ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ለሃጯ ሸሚዜን አርሶታል። እናቴ እግሯ አብጦ የብረት አጥር ተደግፋ ቆማለች። ተራችን ደርሶ ስንሻገር ሸትሉ ሄዷል።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው። ሆቴሉን የምትመዝኑት ጠዋት እንዴት እንደምትሄዱ ሳይሆን ማታ እንዴት እንደምትመለሱ አይታችሁ ይሁን።

ዋልት ዲዝኒ ወርልድ አንድ ፓርክ አይደለም። ስፋቱ የሳን ፍራንሲስኮን ከተማ ያህላል። ውስጡ አራት ፓርኮች አሉ፦ ማጂክ ኪንግደም፣ ኤፕኮት፣ ሆሊውድ ስቱዲዮስና አኒማል ኪንግደም። ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር የሚያስኬድ አይደለም ማለት ይቻላል። የዲዝኒ የራሱ ሆቴሎች ጥቅማቸው እዚህ ላይ ነው። አውቶቡሶቻቸው ነፃ ናቸው፤ ማጂክ ኪንግደምም በሩ አጠገብ ያወርዳሉ፣ ከዚያው ያነሳሉ። ሪዞርት ፊ የለም። በመኪና ለሚሄድም የሆቴሉም የፓርኮቹም ፓርኪንግ ነፃ ነው። እኛ ከሜሪላንድ ወደ 850 ማይል ነድተን ስለምንሄድ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በየቀኑም ከሌላው ሰው 30 ደቂቃ ቀድሞ መግባት አለ። ትንሽ ይመስላል፤ ፀሐዩ ሳይበረታና ሰልፉ ሳይረዝም ግን ልጆቹ የጓጉለትን አንድ ወይም ሁለት ነገር ያደርሳል።

የዲዝኒ ሆቴሎች በዋጋ ሦስት ደረጃ አላቸው፦ ቫልዩ (ርካሹ)፣ ሞደሬት (መካከለኛው) እና ዴሉክስ (ውዱ)። ደረጃው ስለ መንገዱ ሁሉንም አይነግራችሁም። ፖፕ ሴንቸሪና አርት ኦፍ አኒሜሽን ርካሾቹ ውስጥ ናቸው፤ ግን በ2019 የተከፈተው ስካይላይነር የሚባለው በገመድ የሚሄድ ካቢን ከደጃቸው ይነሳል። ካሪቢያን ቢች ላይ ቀይራችሁ ኤፕኮት ወይም ሆሊውድ ስቱዲዮስ ትገባላችሁ። መብረቅ ሲኖር ይቆማል፤ ፍሎሪዳ ደግሞ በሰመር፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ አይጠፋትም። ያኔ አውቶቡስ ትይዛላችሁ።

የልጅ ጋሪ ያለው ሰው ይህን ልብ ይበል። አውቶቡስ ላይ ጋሪ ይታጠፋል። የተኛ ልጅ አንስቶ፣ ቦርሳውን አውርዶ፣ ጋሪውን በአንድ እጅ ማጠፍ ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ስካይላይነርና ሞኖሬል ላይ ግን ጋሪው እንደተዘረጋ ይገባል፤ ልጅም አይነቃም።

ገንዘብ ካላችሁና ዋናው ነገር ማጂክ ኪንግደም ከሆነ ኮንቴምፖራሪ የሚባለውን ሆቴል እዩ። ከፓርኩ በር እስከ ሆቴሉ በእግር 10 ደቂቃ ገደማ ነው። ፖሊኔዥያንና ግራንድ ፍሎሪዲያንም ሞኖሬሉ ያገኛቸዋል። ዋጋቸው ግን ይከብዳል፤ እኛ አልሞከርነውም።

አውቶቡስ ነጂ ስለሆንኩ ሌላ ሰው የማይጠይቀውን ልንገራችሁ። ሆቴሉ ግቢ ውስጥ ስንት ፌርማታ አለ? ካሪቢያን ቢችና ፖርት ኦርሊንስ ሪቨርሳይድ ሰፋፊ ናቸው፤ አውቶቡሱ ከአንዱ ፌርማታ ወደ ሌላው ሲዞር ሳይወጣ ብዙ ደቂቃ ይሄዳል። ፖፕ ሴንቸሪ አንድ ፌርማታ ብቻ ነው ያለው። ሦስቱ ኦል ስታር ሆቴሎች ደግሞ አንዳንዴ አንድ አውቶቡስ ይጋራሉ። ዊልቸር ካለ አይስጋችሁ፤ አውቶቡሶቹ ዝቅ ይላሉ፣ መወጣጫም አላቸው።

ቀጥሎ ሰው ቁጠሩ። የቫልዩ መደበኛ ክፍል ለአራት ሰው ነው፤ ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን በሕፃን አልጋ ይጨመራል። አያት ይዞ ለሚሄድ የሐበሻ ቤተሰብ ይህ አይበቃም። እኛ ስድስት ነን። ሁለተኛ ስንሄድ አርት ኦፍ አኒሜሽን ፋሚሊ ስዊት ያዝን። ሁለት መታጠቢያ ቤት አለው፣ ማይክሮዌቭና ፍሪጅም አለው። ኦል ስታር ሚዩዚክም እንዲህ ያለ ስዊት አለው። ከመያዛችሁ በፊት ግን የሁለት ክፍል ዋጋ አስልታችሁ አወዳድሩ፤ አንዳንዴ ሁለት ክፍል ይረክሳል።

ያ ጉዞ በፍልሰታ ነበር። ባለቤቴ ምስር ወጥና ሽሮ ሠርታ፣ እንጀራውን ጠቅልላ በአይስ ቦክስ ይዛ ነበር። እናቴ ጾሟን ሳትፈታ ስድስቱንም ቀን በላች። ፓርኮቹ ውስጥ ከቤት የያዛችሁትን ምግብ ማስገባት ይፈቀዳል፤ የመስታወት ጠርሙስና አልኮል ግን አይገባም። ምናሌው ላይ ትንሽ ቅጠል ምልክት ያለበት ምግብ ሥጋም ወተትም እንቁላልም የለውም። ይህን ምልክት ለእናቶቻችሁ አሳዩአቸው። ማይክሮዌቭ የሌለው ክፍል ከያዛችሁም ሆቴሉ ምግብ ቤት ውስጥ ታገኛላችሁ።

አኒማል ኪንግደም ሎጅ የሚባለውን የዲዝኒ ሆቴል ሳላነሳ አላልፍም። መስኮቱ ሥር ቀጭኔና የሜዳ አህያ ይሄዳሉ። ለማደር ውድ ነው፤ ሰቫና ቪው ያልተባለ ክፍል ከያዛችሁ ደግሞ እንስሳቱን ከመስኮታችሁ ላታዩ ትችላላችሁ። የሚወስደውም አውቶቡስ ብቻ ነው። ነገር ግን ሳያድሩበትም ገብቶ ማየት ይቻላል። ከአኒማል ኪንግደም ፓርክ አውቶቡስ ይዘን ሄድን። እናቴ አጥሩ ላይ ተደግፋ ቀጭኔዋ ቅጠል ስታወርድ ቆማ አየች። «ይህን ሳላይ ልሞት ነበር እኮ» አለች። ልጆቹ «እማማ ነይ፣ ፑል እንሂድ» ቢሏት ንቅንቅ አላለችም።

ልጆቻችሁ አሥራዎቹ ውስጥ ከሆኑና ፈጣን መጫወቻ ከወደዱ እዚያው ኦርላንዶ ያለው የሌላ ኩባንያ ፓርክ፣ ዩኒቨርሳል፣ ይሻላቸው ይሆናል። እዚያ ፖርቶፊኖ ቤይ፣ ሃርድ ሮክና ሮያል ፓሲፊክ ያደረ ሰው በሁለቱ የቆዩ ፓርኮች ሰልፍ የሚያሳጥረውን ኤክስፕረስ በነፃ ያገኛል። ዋጋውን ስታሰሉ ይህንን ቀንሱ።

ታክሱን አትርሱ፤ ክፍሉ ላይ ከ12 በመቶ በላይ ይጨመራል። ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ የፓርክ ትኬት አይከፈልበትም። የኛ ትንሿ ሦስት ዓመት የምትሞላው በመስከረም ስለነበር ሁለተኛውን ጉዞ ነሐሴ ላይ ያደረግነው ለዚህ ነው።

ክፍሉን ከያዛችሁ በኋላ ደውላችሁ «ከሎቢውና ከፌርማታው የሚቀርብ ሕንፃ ስጡን፣ አዛውንት አለችን» በሉ። ቃል አይገቡም፤ ጥያቄውን ግን ይጽፉታል። እኛ ስንደርስ የሰጡን ክፍል ከአሳንሰሩ ሦስተኛው በር ነበር።