ከቆርቆሮው የሚወርደውን ውሃ አታባክኑት

ባሕር ዳር ተቀምጦ ውሃ ጠፋ ማለት ለሰሚው ግራ ነው። ጣና እዚያው ነው፣ ቧንቧው ግን ደርቋል። እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው ሌሊት ስለሆነ ጀሪካን ተደርድሮ ያድራል። ክረምቱን ሙሉ ከቆርቆሮው ላይ የሚወርደውስ?

ሒሳቡ ቀላል ነው። በ1 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት 1 ሊትር ውሃ ነው። ጣራችሁ 40 ካሬ ከሆነና 10 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 400 ሊትር ወረደ ማለት ነው፤ የሚባክነው ተቀንሶም አንድ በርሜል ሞልቶ ይተርፋል።

ሰኔ ሳይገባ አሸንዳውን ጥረጉ። ወደ በርሜሉ በኩል ትንሽ ዘቅዘቅ ይበል፣ አለዚያ ውሃው መሃል ላይ ይተኛል። የመጀመሪያውን ዝናብ በፍጹም አትያዙ! በጋውን ሙሉ የተከማቸውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚመጣ ቡናማ ሆኖ ነው የሚወርደው። ጠራ ሲል በርሜሉን አስጠጉ። ሲሞላ አፉን በጨርቅ ሸፍናችሁ በላስቲክ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት፤ እዚህ ወባ አለ፣ ትንኟ ደግሞ እንቁላሏን የምትጥለው የቆመ ውሃ ላይ ነው።

ይህ ውሃ ለልብስ፣ ለወለል፣ ለሽንት ቤት ነው። ለመጠጥ ከሆነ ግን አጥልላችሁ አፍሉት። የልብስ እጣቢውንም አትድፉት፣ ለሽንት ቤት ይሆናል።