ዲፌንስ ላይ ድምፅ እንዳይጠፋ፦ ለሚፈራና ለዓይናፋር ተማሪ

ዲፌንስ፣ ማለትም የመመረቂያ ጥናታችሁን በፈታኝ መምህራን (ኤግዛሚነሮች) ፊት አቅርባችሁ የምትከላከሉበት ቀን፣ ሳምንት ሲቀረው እንቅልፍ እምቢ የሚላችሁ፣ ክላስ ውስጥ መልሱን እያወቃችሁ እጅ ማውጣት የሚከብዳችሁ፣ ይሄን የምጽፈው ለእናንተ ነው። እኔም እንደዛ ነበርኩ። የዲፌንሴ ቀን የመጀመሪያው ስላይድ ላይ የራሴን ርዕስ ማንበብ አቅቶኝ አፌ ደርቆ ዝም ብዬ ቆምኩ፣ ወራት የለፋሁበት የራሴ ሪሰርች እኮ ነው፣ እዛ ክፍል ውስጥ ከኔ በላይ የሚያውቀው ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ ሰውነታችሁ ምን እያረገ እንደሆነ እወቁ። ስንፈራ አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ደም ወደ ትልልቆቹ ጡንቻዎች ስለሚሄድ እጅ ይቀዘቅዛል፣ ምራቅ ይደርቃል፣ ሆድ ይረበሻል። ሰውነት የመጣበት ጅብ ይሁን ኤግዛሚነር አይለይም። ይሄ ሁሉ አልተዘጋጃችሁም ማለት አይደለም፣ ይሄን የማያውቅ ሰው ግን ልቡ ሲመታ "አለቀልኝ" ይልና በፍርሃቱ ላይ ሌላ ፍርሃት ይጨምራል።

ዓይናፋርነቱ ደግሞ ብዙዎቻችን ጋ ከአስተዳደግ ነው የመጣው። ትልቅ ሰው ሲያወራ አቀርቅር፣ አትመልስ፣ አይን አይኑን አትይ ተብለን አደግን፣ ዝም ያለ ልጅ ጨዋ ተባለ፣ ከዛ በ22 ዓመታችን ትልልቅ መምህራን ፊት ቁሙና በእንግሊዝኛ ስራችሁን ተከላከሉ እንባላለን። የሚከብደን ደካማ ስለሆንን አይደለም። እዛ ክፍል ውስጥ መምህሩን ቀና ብሎ ማየትና "አይ፣ እንደዚህ ያደረግኩት በዚህ ምክንያት ነው" ማለት ብልግና አይደለም፣ የሚጠበቅባችሁ ራሱ እሱ ነው። አይን ማየት ካስጨነቃችሁ በቅንድቦቹ መሃል ያለውን ቦታ እዩ፣ ለሱ አይኑን ያያችሁት ነው የሚመስለው።

አሁን ወደ ልምምዱ። ስላይዱን ላፕቶፕ ላይ እያዩ በልብ ማንበብ ልምምድ አይደለም። ቆማችሁ፣ ድምፅ አውጥታችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ። ከሁሉም በላይ የመጀመሪያዋን አንድ ደቂቃ፣ ማለትም ሰላምታ፣ ስም፣ ርዕስና ይሄን ጉዳይ ለምን እንደመረጣችሁት፣ 20 ጊዜም ቢሆን በሉት፣ ጭንቅላታችሁ ባዶ ቢሆን እንኳን አፋችሁ ራሱ እስኪያውቀው። ፍርሃቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው መጀመሪያ ላይ ነው፣ ያቺን ደቂቃ ካለፋችሁ ይረግባል። ቀሪውን ግን አትሸምድዱ፣ የሸመደደ ሰው አንድ ቃል ሲጠፋው ተከትሎ ሁሉም ይጠፋዋል። ለየስላይዱ የምትሉትን አንድ ዋና ሀሳብ ያዙ፣ በቃ።

መጀመሪያ ለግድግዳ፣ ከዛ ለአንድ የዶርም ጓደኛ፣ ከዛ ለሶስት አቅርቡ፣ አንዱ ክፉ ኤግዛሚነር ሆኖ መሃል ላይ ያቋርጣችሁ። "ጋፑ (እስካሁን ያልተጠናው ክፍተት) ምንድነው? ለምን ይሄን ሜቶዶሎጂ? ሳምፕል ሳይዙን (የናሙናውን ብዛት) እንዴት ወሰንሽ?" ብዙ ጊዜ የሚመጡት እነዚህ ናቸው፣ መልሳቸውን ጮክ ብላችሁ ተለማመዱ። ከተፈቀደላችሁ የሌላ ተማሪ ዲፌንስ ገብታችሁ እዩ፣ ክፍሉንም ቀድማችሁ ሂዱና ፍላሻችሁ ፕሮጀክተሩ ላይ መስራቱን ሞክሩ። መብራት ሊሄድ ስለሚችል ስላይዱን በወረቀት ያዙ።

ጠዋት ትንሽም ቢሆን ብሉ። ቡና የለመዳችሁትን ያህል ብቻ፣ ካፌይን ራሱ ልብ ያስመታል። ድፍረት ይሰጣል ተብሎ ጫት ቅሞ መግባትን እባካችሁ ተዉት፣ ፕሮፕራኖሎል የሚባለውን የልብ ምት የሚቀንስ ኪኒንም ከጓደኛ ተቀብላችሁ እንዳትውጡ፣ አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው፣ ሀኪም ብቻ ነው የሚያዘው።

በር ላይ ስትጠብቁ በ4 ቆጠራ ወደ ውስጥ፣ በ6 ቆጠራ ወደ ውጭ ተንፍሱ፣ ለ5 ደቂቃ ያህል። ረዘም ያለው የውጭ ትንፋሽ ነው ልብ የሚያዘገየው። ለራሳችሁም "ተረጋጊ፣ ተረጋጋ" ከማለት "ጓጉቻለሁ" በሉ። የሀርቫርዷ ተመራማሪ አሊሰን ዉድ ብሩክስ በ2014 እ.ኤ.አ ባሳተመችው ጥናት "ጓጉቻለሁ" ያሉት ሰዎች "ተረጋግቻለሁ" ካሉት የተሻለ ንግግር አድርገዋል። የስነልቦና ተመራማሪዎቹ ኬኔዝ ሳቪትስኪና ቶማስ ጊሎቪች ደግሞ በ2003 እ.ኤ.አ እንዳሳዩት ጭንቀታችን ለሰው የሚታየው እኛ የምናስበውን ያህል አይደለም፣ ይሄ አስቀድሞ የተነገራቸው ተናጋሪዎችም የተሻለ አቅርበዋል። እጃችሁ ሲንቀጠቀጥ ይሄን አስታውሱ።

ጥያቄ ሲመጣ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ስትጽፉ የማሰቢያ ጊዜ ታገኛላችሁ። ካልገባችሁ እንዲደግሙላችሁ ጠይቁ። የማታውቁት ከሆነ "ይሄን በጥናቴ አላካተትኩትም" በሉ፣ ከመቀባጠር በጣም ይሻላል።

መሃል ላይ ሁሉም ነገር ከጠፋባችሁስ? ከስላይዶቹ አንዱን በደንብ የምታውቁትን ለዛ ጊዜ አስቀድማችሁ ምረጡና የስላይዱን ቁጥር ያዙ፣ ከጠፋባችሁ ወደሱ ሂዱ። እኔ ያን ቀን ዝም ብዬ እንደቆምኩ ከፈታኞቹ አንዱ "ውሃ ጠጪና ከፈለግሽበት ቦታ ጀምሪ" አለኝ። ጠጣሁ፣ ርዕሱንም መግቢያውንም አልፌ ዳታ ከሰበሰብኩበት ቀበሌ ስላይድ ጀመርኩ፣ መጠይቁን ቤት ለቤት እየዞርኩ የሞላሁበት ሰፈር ስለሆነ እሱን ማስታወስ አያስፈልገኝም ነበር፣ ድምፄ እዛ ጋ ተመለሰ።