ድራፍት ሲደርስ፦ የኮሌጅ ልጆችን ስንመርጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሰኔ ሲገባ ስልኬ በስም ዝርዝር ይሞላል። ታዳጊዎችን ቅርጫት ኳስ አሠለጥናለሁ። የኮሌጅ ጨዋታም ከኅዳር እስከ መጋቢት አያመልጠኝም። ስለዚህ ወዳጆቼም ልጆቼም የራሳቸውን የኤንቢኤ ድራፍት (ቡድኖች በሁለት ዙር እስከ 60 አዳዲስ ልጆችን በየተራ የሚመርጡበት ነው) እየሠሩ «እስቲ እይልኝ» ይሉኛል። አዲስ አበባ ያሉት የመጀመሪያውን ዙር ለማየት ሌሊት 9 ሰዓት ይነሣሉ። ፍቅራቸው በጣም ደስ ይለኛል። ዝርዝራቸው ላይ የማያቸው ስህተቶች ግን በየዓመቱ ያው ናቸው። ትልልቅ ደመወዝ የሚበሉ የቡድን ኃላፊዎችም ሲሠሯቸው አይተናል። ዋና ዋናዎቹን ላንሣ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የነጥብ አማካይ አይቶ መፍረድ

ጀማሪ መጀመሪያ የሚያየው ይህን ነው። በጨዋታ 25 ነጥብ ያስቆጥራል? በቃ፣ ይመረጥ።

በ2011 ጂመር ፍሬዴት ለብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ በጨዋታ 28.9 ነጥብ እያስቆጠረ ከአገሪቱ አንደኛ ነበር። 10ኛ ተመረጠ። ኤንቢኤ ውስጥ ግን ቋሚ ቦታ ሳያገኝ ቀረ። ዴቪን ቡከር ደግሞ ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ከተቀያሪ ወንበር እየተነሣ በጨዋታ 10 ነጥብ ነበር የሚያገኘው። በ2015 13ኛ ተመረጠ። በሁለተኛው የኤንቢኤ ዓመቱ ቦስተን ላይ በአንድ ምሽት 70 ነጥብ አስቆጠረ።

ፍሬዴት ኮሌጅ ሳለ ኳሱ የእሱ ነበር። ኤንቢኤ ውስጥ ግን ኳሱ ባለቤት አለው፤ ለአዲስ ልጅ ማንም አይለቅለትም። ስለዚህ «ስንት ያስቆጥራል?» ከማለት በፊት «ኳሱ እጁ ላይ ሳይሆን ምን ይሠራል?» በሉ።

«ስቴፈን ከሪስ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ከሪም በዴቪድሰን ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመቱ 28.6 ነጥብ እያስቆጠረ ከአገሪቱ አንደኛ ነበር። ግን አንድ ዓመት ወደ ኋላ ሂዱ። በ2008 የዴቪድሰንን ኳስ የሚያመጣው ጄሰን ሪቻርድስ ነበር፤ በዚያ ዓመት በአሲስት (ነጥብ በሚሆን ማቀበል) ከአገሪቱ አንደኛ የወጣው እሱ ነው። ከሪ ከአንዱ ስክሪን (ተከላካዩን ቆሞ ከሚያግድለት ጓደኛው) ወደ ሌላው ሲሮጥ ነበር የሚውለው። የእኛን የዋሽንግተን ዲሲውን ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲን ከ17 ነጥብ ልዩነት ተነሥተው ሲያሸንፉ፣ ከሪ በሁለተኛው አጋማሽ ብቻ 25 ነጥብ አስቆጠረ። ጨዋታውን ፈልጋችሁ እዩትና ኳሱ ሌላ ሰው ጋ ሲሆን እግሩን ተከታተሉ። በኋላ በኤንቢኤ ቡድኑ ጎልደን ስቴት ላይ ያየነው ሩጫ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል። ሚኒሶታ ግን በ2009 5ኛና 6ኛ ምርጫ በእጁ ይዞ ሁለቴም ሌላ ፖይንት ጋርድ (ኳስ አምጪ) ወሰደ። ከሪ 7ኛ ሄደ።

የባለሦስት ነጥብ በመቶኛን እንደ ቃለ መሐላ መያዝ

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። በየዓመቱ «41 በመቶ ነው፣ ምርጥ ወርዋሪ ነው» ወይም «29 በመቶ ነው፣ መወርወር አይችልም» ተብሎ ይጻፍልኛል። ከስንት ሙከራ? አይጻፍም። ከየት ርቀት? አይጻፍም። ነፃ ውርወራውስ (ጥፋት ሲሠራበት ብቻውን ቆሞ የሚወረውረው)? ማንም አላየውም።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ዴሪክ ዊሊያምስ በ2011 ለአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጪ 74 ጊዜ ወርውሮ 42ቱን አገባ። 56.8 በመቶ መሆኑ ነው። አምስቷ ኳስ ሪንግ ነክታ ብትወጣ ኖሮ 50 በመቶ ይሆን ነበር። አምስት ኳስ ማለት የሁለት ጨዋታ ዕድል ነው። እሱ 2ኛ ተመረጠ። ኤንቢኤ ውስጥ በሠራባቸው ዓመታት አማካዩ 30 በመቶ አካባቢ ሆነ። አንድ የኮሌጅ ዓመት ማለት ከ30 እስከ 40 ጨዋታ ነው። በዚህ ውስጥ አብዛኛው ልጅ ባለሦስት ነጥብ የሚወረውረው ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ጊዜ ነው። በዚህ ቁጥር ስለ አንድ ልጅ ክንድ የዕድሜ ልክ ፍርድ አይሰጥም።

ርቀቱም አለ። ያኔ የኮሌጁ መስመር 6.32 ሜትር ላይ ነበር። ከ2019 ወዲህ 6.75 ሆኗል። የኤንቢኤው መሐል ላይ 7.24 ሜትር ነው። ተከላካዩም በፍጥነትም በቁመትም ሌላ ሰው ነው።

ታዲያ ምን እንይ? ነፃ ውርወራውን እዩ። ርቀቱ ኮሌጅም ኤንቢኤም ያው ነው፣ የሚከላከል የለም፣ እጁ ብቻ ነው የሚፈተነው። በ2017 ፊላደልፊያ ከቦስተን ጋር ምርጫ ተለዋውጦ ማርኬል ፉልትዝን 1ኛ ወሰደ። ቦስተን ጄይሰን ቴተምን 3ኛ አነሣ። ኮሌጅ ሳሉ ፉልትዝ በባለሦስት ነጥብ 41 በመቶ፣ ቴተም 34 በመቶ ነበሩ። ይህን ብቻ ያየ ሰው ፉልትዝን ይመርጣል። በነፃ ውርወራ ግን ፉልትዝ 65፣ ቴተም 85 በመቶ ነበሩ። በመካከላቸው 2ኛ የተመረጠው ሎንዞ ቦልም ዩሲኤልኤ ላይ ከሦስቱ መስመር 41፣ በነፃ ውርወራ 67 በመቶ ነበር። በኤንቢኤ የመጀመሪያ ዓመቱ ከሦስቱ መስመር ወደ 30.5፣ በነፃ ውርወራ ወደ 45 ወረደ። ፉልትዝ ላይ የትከሻ ሕመም መጨመሩን አልረሳሁም። ቢሆንም ምልክቱ ከድራፍቱ በፊት ወረቀቱ ላይ ነበር።

በተቃራኒው ታይሪስ ማክሲን እዩ። ኬንታኪ ላይ በባለሦስት ነጥብ 29 በመቶ ነበር፤ ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ጣለው። ነፃ ውርወራው 83 በመቶ ነበር። በ2020 ፊላደልፊያ 21ኛ ላይ አገኘው። በሁለተኛው ዓመቱ ከሦስቱ መስመር ወደ 43 በመቶ ተጠጋ።

ስለዚህ እባካችሁ፣ አንድን ልጅ «ወርዋሪ ነው» ከማለታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጻፉ፦ የሙከራው ብዛት፣ ነፃ ውርወራው፣ ኳሱን የሚለቅበት ሁኔታ። ቆሞ ብቻ ነው የሚወረውረው ወይስ እየሮጠ መጥቶም? ይህ ሳይኖር በመቶኛ አትላኩልኝ።

የምርጥ ቅንጭብ ተመልካች መሆን

ዩቲዩብ ላይ ያለው የስድስት ደቂቃ ቪዲዮ ሁሉንም ልጅ ኮከብ ያደርገዋል። የሳተው ኳስ እዚያ የለም። መከላከሉም የለም።

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ቡድኑ በ15 ነጥብ የተሸነፈበትን ጨዋታ እመርጣለሁ። ለአሥር ደቂቃ ኳሱን ትቼ ልጁን ብቻ እከተላለሁ። ኳሱ በሌላኛው ጎን ነው እንበል፤ ልጁ ጥግ ላይ የቆመ ሰው ይጠብቃል። አጥቂው ወደ ሪንግ ሰብሮ ሲገባ ልጁ ለማገዝ ወደ መሐል ይጠጋል። ኳሱ ወደ ጥግ ይወረወራል። አሁን ተመልሶ መሮጥ አለበት። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት እርምጃዎች አሳጥሮ፣ ዳሌውን ዝቅ አድርጎ፣ አንድ እጁን አንሥቶ ከደረሰ ልጁ መከላከል ያውቃል። እየበረረ ቀጥ ብሎ ከመጣ ወርዋሪው በአንድ ማታለል ያልፈዋል። ይህን በአንድ ጨዋታ ውስጥ ብዙ ጊዜ ታዩታላችሁ። በአራተኛው ሩብ ኤንቢኤ ሜዳ ላይ የሚያቆመውም የሚያስወጣውም ይህ ነው፤ ምክንያቱም ተጋጣሚ አሠልጣኝ ደካማውን ተከላካይ ፈልጎ ነው የሚያጠቃው። ኮሌጅ ደግሞ በሁለት የ20 ደቂቃ አጋማሽ ነው የሚጫወተው፤ የ48 ደቂቃ ጨዋታ ድካምን የሚያውቅ ልጅ እዚያ የለም። ስለዚህ ሲደክመው እግሩ ምን እንደሚሆን እዩ።

ክፍት ቦታ መሙላት

ይህን ሁሉም ስለሚያውቀው አላረዝመውም። በ1984 ፖርትላንድ ክላይድ ድሬክስለር ስላለው «ጋርድ (የውጪ ተጫዋች) አለን፣ ረጅም ሰው ነው የጎደለን» ብሎ ሳም ቦዊን 2ኛ ወሰደ። ማይክል ጆርዳን 3ኛ ለቺካጎ ቀረ። የዛሬ ክፍተታችሁ በሁለት ዓመት ውስጥ ሌላ ይሆናል። ልጁ ግን ለመብሰል ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል።

በቁመት መማረክ

ሐሺም ታቢት ከታንዛኒያ ተነሥቶ ኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ የደረሰ፣ 2.21 ሜትር የሚረዝም ልጅ ነበር። በጨዋታ ከአራት በላይ ኳስ ያከሽፍ ነበር። አፍሪካውያን ሁላችን ደስ ብሎን ነበር። በ2009 ሜምፊስ 2ኛ መረጠው፤ ጄምስ ሃርደን 3ኛ ነበር። የኮሌጅ ሴንተር (የቡድኑ ረጅም ሰው) ሪንግ ሥር ቆሞ መዋል ይችላል። ኤንቢኤ ውስጥ ግን የሚጠብቀው ሰው አጠገቡ ከሌለ ከሦስት ሰከንድ በላይ እዚያ መቆም ክልክል ነው። ወጥቶ ፈጣን ጋርድ ፊት ለፊት መቆም ግድ ይለዋል። ረጅም ልጅ ስታዩ መጀመሪያ የምታዩት ወደ ጎን ሲንሸራተት እግሩን ይሁን።

በጡንቻ መለካት ደግሞ ጨርሶ አይጠቅምም። ኬቪን ዱራንት በ2007 ከድራፍቱ በፊት በነበረው ፈተና 84 ኪሎውን ብረት አንዴም ማንሣት አልቻለም።

የኮሌጁን ስም መምረጥ

ለእኛ ለዲሲዎች ይህ ቁስል ነው። በ2022 ቡድናችን ዋሽንግተን ዊዛርድስ 10ኛ ላይ የዊስኮንሲኑን ጆኒ ዴቪስን መረጠ። ቢግ ቴን የተባለው የኮሌጆች ሊግ የዓመቱ ምርጥ ነበር፤ በጨዋታ ወደ 20 ነጥብ ያስቆጥር ነበር። ጨዋታዎቹን ያየ ሰው ግን ተከላካዩን አልፎ መላቀቅ እንደሚያቅተው፣ ብዙውን ኳስ ሰው ፊቱ ላይ ቆሞበት እንደሚወረውር ያስተውል ነበር። ከሁለት ምርጫ በኋላ ኦክላሆማ ሲቲ ጄለን ዊሊያምስን ከሳንታ ክላራ ወሰደ። ሳንታ ክላራ ትንሽ ትምህርት ቤት ነው፤ ጨዋታውም እኛ ጋ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ነው የሚጀምረው። ዊሊያምስ በ2025 ፍጻሜ አምስተኛ ጨዋታ ኢንዲያና ላይ 40 ነጥብ አስቆጠረ፤ ቡድኑም ዋንጫውን ወሰደ። ዴቪስ በዚያው ዓመት ከዋሽንግተን ተሸኝቷል። ዴሚየን ሊላርድም ከዌበር ስቴት ነው የመጣው። የምዕራቡን ትንንሽ ኮሌጆች ሳያዩ ዝርዝር ማውጣት ለእኔ ግማሽ ሥራ ነው።

22 ዓመት «አርጅቷል» ማለት

ጄለን ብራንሰን ከቪላኖቫ ጋር ሁለት ዋንጫ በልቷል፤ በ2018 የአገሪቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። 33ኛ ተመረጠ። ድሬይመንድ ግሪን ሚሺጋን ስቴት አራት ዓመት ቆይቶ 35ኛ። ጂሚ በትለር 30ኛ። ሦስቱም «ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው» (ከዚህ በላይ አያድግም) ከሚባሉት ነበሩ። በሌላ በኩል ጄምስ ዋይዝማን ሜምፊስ ዩኒቨርሲቲ ላይ የተጫወተው ሦስት ጨዋታ ብቻ ነው፤ በ2020 2ኛ ተመረጠ። አይዋ ስቴት ሁለት ዓመት የታየው ታይሪስ ሃሊበርተን 12ኛ ቆየ። ዕድሜ ይቆጠራል፤ የ22 ዓመት ጎረምሳ የ18 ዓመት ልጆችን በጉልበት ሲገፋ ያገኘውን ነጥብ መቀነስ አለባችሁ። ማሰብ የሚችል፣ ኳስ በጊዜ የሚያቀብል ልጅን ግን በዕድሜ አትጣሉት።

ሐኪም መሆን

ግሬግ ኦደን በ2007 ከዱራንት በፊት 1ኛ ተመርጦ ጉልበቱ አሠቃየው፤ በኤንቢኤ ሕይወቱ የተጫወተው 105 ጨዋታ ነው። ጆኤል ኤምቢድ በ2014 እግሩ ተሰብሮ 3ኛ ተመረጠ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀመጠ፣ በ2023 የሊጉ ምርጥ ተባለ። የሕክምና ፋይሉን የሚያየው የቡድኑ ሐኪም ነው። እናንተ «ጉዳት አለበት» ብላችሁ ጻፉና እለፉ።

የመጋቢት ውድድርን ማግነን

በመጋቢቱ የኮሌጆች የዋንጫ ውድድር ላይ ያለ ሁለት ትኩስ ምሽት የአራት ወር ሥራ አይሽርም። ዴሪክ ዊሊያምስ ዱክ ላይ 32 ነጥብ ያስቆጠረው በዚያ ውድድር ነው።

«አዲሱ ዱራንት»፣ «አዲሱ ሌብሮን» ማለት። ተዉት።

60ኛው ስም ላይ ማቆም

አብዛኛው ሰው ሁለተኛው ዙር ላይ ይደክመዋል። ከዚያ በታች ያለውን ከነጭራሹ አያየውም። በ2025 ዋንጫ የወሰደው ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ ሉ ዶርትና አሌክስ ካሩሶ ነበሩ፤ ሁለቱም በድራፍቱ ሌሊት ስማቸው አልተጠራም። ፍሬድ ቫንቭሊትም እንዲሁ። እያንዳንዱ ቡድን ከዋናው ቡድንና ከታችኛው ሊግ እየተመላለሱ የሚጫወቱ ሦስት ልጆችን መያዝ ይችላል። ኦስቲን ሪቭስ ሌከርስ የገባው በዚህ በር ነው። መከላከል የሚችል፣ ኳስ የማያባክን፣ ነፃ ውርወራው ከ80 በመቶ በላይ የሆነ የአራተኛ ዓመት ተማሪ እዚያ ታች አለ። አሥር ስም ጨምሩ። አንድ ነገር ደግሞ አስቡ፦ 55ኛ የተመረጠ ልጅ የወሰደው ቡድን ጋ ብቻ ነው የሚደራደረው። ያልተመረጠው ግን በዚያው ሌሊት ከፈለገው ቡድን ጋር መነጋገር ይችላል። ጋርድ የሚያንሰው ቡድን የትኛው እንደሆነ ቁጭ ብሎ ቆጥሮ ይሄዳል።